የጡት ናሙና ሰጥተው ውጤት እየጠበቁ ነው?

በጡታቸው ላይ እብጠት አግኝተው ወደ ጤና ተቋም የሚሄዱ እናቶችና እህቶች በተከታታይ ምርመራዎች ያልፋሉ። ሐኪሙ በእጁ ይዳስሳል፤ አልትራሳውንድ ወይም ማሞግራፊ ያዛል፤ በመጨረሻም «ናሙና ወስደን እንየው» ይላል። ናሙናው የሚወሰደው በደቂቃዎች ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ግን ብዙዎች ያልተዘጋጁበት ጊዜ ነው፤ ውጤት መጠበቅ።

ይህ ጊዜ ከመርፌው ሕመም በላይ የሚከብዳቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። ቀን በሥራ ተሸፍኖ የዋለው ሐሳብ ማታ ጎን ሲያሳርፉ ይነሳል። «ካንሰር ቢሆንስ? ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል? ለማንስ ልንገር?» የሚሉ ጥያቄዎች እየተፈራረቁ እንቅልፍ ይነሳሉ።

ውድ አንባቢያችን፣ እርስዎ ወይም የቅርብ ሰውዎ በዚህ ጊዜ ውስጥ ካሉ ፍርሃቱ ተፈጥሯዊ ነው፤ የእምነት ማነስም የድክመት ምልክትም አይደለም። አደጋ የሚመጣው ፍርሃቱ ከሕክምናው መንገድ ሲያስወጣን ነው። ውጤቱን ሳይወስዱ መቅረት፣ ቀጠሮ ማሳለፍ፣ «ይሻላል» በተባለ ቅጠልና ቅባት ወራት ማባከን ከጭንቀቱ ይበልጥ ይጎዳሉ። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ከሁሉም በላይ ሊያዝ የሚገባው ቁም ነገር አንድ ነው፤ ናሙናዎንና ሕክምናዎን የሚያገናኘውን ክር አይልቀቁ።

የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚከሰቱ የካንሰር ዓይነቶች ቀዳሚው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ በ2022 በዓለም ዙሪያ 2 ነጥብ 3 ሚሊዮን ሴቶች በሽታው ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ያህሉም በዚሁ ምክንያት ሕይወታቸው አልፏል። ድርጅቱ እ.ኤ.አ በ2021 ይፋ ባደረገው የጡት ካንሰር ኢኒሼቲቭ፣ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከሄደችበት ቀን ጀምሮ ምርመራዋ በ60 ቀናት ውስጥ እንዲጠናቀቅ፣ ሕክምናዋም በሦስት ወር ውስጥ እንዲጀመር ይመክራል። ከዚህ ሁለት ነገር እንረዳለን። አንደኛው፣ ጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት መጠበቅ በአብዛኛው ዕድልን ከእጅ አያስወጣም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሳምንታቱ ወራት፣ ወራቱም ዓመት እንዲሆኑ መፍቀድ እንደሌለብን ነው።

ውጤቱ ለምን ይዘገያል?

ብዙ ሰው ናሙና እንደ ደም ምርመራ በሰዓታት ውስጥ የሚደርስ ይመስለዋል። በቀጭን መርፌ ሕዋሳት ብቻ ተቀድተው የሚታዩ ከሆነ ውጤቱ ቶሎ ሊደርስ ይችላል። በወፍራም መርፌ ወይም በቀዶ ሕክምና ቁራጭ ሥጋ ሲወሰድ ግን ሥራው ረዘም ይላል።

ቁራጩ በመጀመሪያ ፎርማሊን በሚባል ፈሳሽ ውስጥ ተዘፍዝፎ ይቆያል። ይህ ሥጋው እንዳይበላሽና ቅርጹን እንዲይዝ ያደርጋል። ቀጥሎ ውሃው ተመጥጦ በሰም ውስጥ ይቀመጣል፤ ሲጠነክርም በልዩ መሣሪያ በጣም ስስ ሆኖ ይቆረጣል። ስስነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ለሁለት መቶ ቢከፈል የሚገኘውን ያህል ነው። ከዚያም በመስታወት ላይ ተለጥፎ በቀለም ይነከርና የፓቶሎጂ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ ይመረምረዋል። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ተጨማሪ ቁራጭ ወይም የተለየ ቀለም ሊያዝ፣ የሙያ ባልደረባውንም ሊያማክር ይችላል።

በአገራችን የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ቁጥር ካለው ፍላጎት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ መሆኑ ሌላው ምክንያት ነው። ናሙናው ከወረዳ ወይም ከዞን ከተማ ወደ ሌላ ከተማ የሚላክ ከሆነ የመንገዱ ጊዜም ይጨመራል።

ከዚህ የምንረዳው ዋና ነገር፣ የውጤት መዘግየት ስለ ውጤቱ ምንም እንደማይናገር ነው። «የዘገየው መጥፎ ስለሆነ ነው» የሚለው ግምት መሠረት የለውም። «ቶሎ ና ብለው የደወሉት ክፉ ነገር ቢያዩ ነው» የሚለውም እንደዚሁ። ጥሩም ሆነ ሌላ ውጤት የሚያልፈው በአንድ መንገድ ነው።

ናሙናውን የሚያደርሰው ቤተሰብ ከሆነ

በአንዳንድ ተቋማት ናሙናውን ይዞ ወደ ላብራቶሪ የሚሄደው የታካሚዋ ቤተሰብ ነው። እንዲህ ከሆነ የሚከተሉትን ያስተውሉ። በዕቃው ውስጥ ያለውን ፈሳሽ አይድፉ፤ ቢቀንስም በውሃ ወይም በአልኮል አይተኩት። በዕቃው ላይ የታካሚዋ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜና የካርድ ቁጥር መጻፉን፣ ከማዘዣው ወረቀት ጋርም አንድ መሆኑን ያረጋግጡ። የተወሰደው ከቀኝ ነው ወይስ ከግራ ጡት የሚለውም በግልጽ መስፈር አለበት። ናሙናውን ቤት ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ያድርሱ፤ ፈሳሹ ለዓይንና ለቆዳ ጎጂ ስለሆነ ክዳኑን ከመክፈት ይቆጠቡ። ሲያስረክቡም የመለያ ቁጥሩ የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀብለው በደንብ ያስቀምጡ። ይህች ወረቀት ከጠፋች ውጤቱን ማግኘት ብዙ ያደክማል።

ሁሉም እብጠት ካንሰር አይደለም

በጡት ላይ የሚወጡ አብዛኞቹ እብጠቶች ካንሰር አይደሉም። በወጣት ሴቶች ላይ በብዛት የሚታየው ፋይብሮአዴኖማ የሚባለው፣ ሲዳሰስ ከጣት ሥር የሚንሸራተት ጉዳት የሌለው ዕጢ ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት፣ ከወር አበባ ዑደት ጋር የሚመጣና የሚሄድ የጡት መጓጎል፣ በሚያጠቡ እናቶች ላይ የሚከሰት ኢንፌክሽንና መግል መቋጠር፣ ጡት ከተመታ በኋላ የሚቀር የስብ ጠባሳ ሁሉ እብጠት ሆነው ሊዳሰሱ ይችላሉ። ከእነዚህ ጥቂቶቹ በእጅም በአልትራሳውንድም ከካንሰር ጋር ሊምታቱ ስለሚችሉ ነው ናሙና የሚወሰደው። ስለዚህ ናሙና መታዘዙ ፍርድ ሳይሆን ጥያቄ ነው።

ይህን የምንለው «ምንም አይደለም» ብለው ውጤቱን እንዲተዉት አይደለም። አለመታመም የሚረጋገጠውም መታመም የሚታወቀውም በዚያው ወረቀት ነው።

በዚህ ጊዜ ከሚሰሙ ወሬዎች አንዱ «ብረት ከነካው ይሠራጫል» የሚለው ነው። በዚህ ፍርሃት ናሙና አልሰጥም ያሉ፣ ከሰጡም በኋላ በጸጸት የሚብሰለሰሉ ሴቶች አሉ። በመርፌ ናሙና መውሰድ በሽታውን አባብሶ ዕድሜን እንደሚያሳጥር የሚያሳይ የሕክምና ማስረጃ የለም። ወሬው የተስፋፋው ብዙዎች ወደ ሕክምና የሚሄዱት በሽታው ከገፋ በኋላ በመሆኑ፣ ከምርመራው ቀጥሎ የሚታየው መባባስ በመርፌው ስለሚሳበብ ነው።

«የፈሩት ይደርሳል» የሚለው አባባልም በዚህ ሰዓት ልብ ይሰብራል። ናሙናው ከተወሰደ በኋላ በውስጡ ያለው ነገር በእርስዎ ፍርሃት አይለወጥም። ስለፈሩ አይመጣም፤ ስላልፈሩም አይቀርም። ስለዚህ ስለፈሩ ራስዎን አይውቀሱ።

ቁስሉን እንዴት ይንከባከቡ?

መርፌው በገባበት ቦታ መጠነኛ ሕመምና የቆዳ መጥቆር ለተወሰኑ ቀናት ሊቆይ ይችላል። በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ለአሥርና አሥራ አምስት ደቂቃ እያሳረፉ መያዝ እብጠቱን ይቀንሳል። ጡትን ደግፎ የሚይዝ ጡት መያዣ ማድረግ፣ ለሁለትና ሦስት ቀናት እንስራም ሆነ ጀሪካን አለማንሳት ይረዳል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ደም የማቅጠን ጠባይ ስላለው ለማስታገሻ ባይጠቀሙበት ይመረጣል። ለልብ ወይም ለሌላ ሕመም በሐኪም የታዘዘልዎት ከሆነ ግን በራስዎ አያቋርጡ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

የሚያጠቡ እናት ከሆኑ ማጥባትዎን በራስዎ ውሳኔ ከማቆምዎ በፊት ባለሙያ ያነጋግሩ። አብዛኛውን ጊዜ መቀጠል ይቻላል።

ቁስሉ ላይ ቅጠል፣ ቅቤም ሆነ ሌላ ቅባት አያድርጉ። መድማቱ ለደቂቃዎች ጫን ብለው ይዘውት ካልቆመ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከታየ ወይም ትኩሳት ከተሰማዎ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ወደ ሕክምና ይመለሱ።

ቀኑን እንዴት እናሳልፍ?

በመጀመሪያ ጥበቃው ቀን ይኑረው። ከሆስፒታሉ ሲወጡ «ውጤቱ መቼ ይደርሳል? ማን ይሰጠኛል? በዚያ ቀን ካልደረሰ በየትኛው ስልክ ልጠይቅ?» ብለው ይጠይቁና መልሱን ይጻፉት። መጨረሻው ያልታወቀ ጥበቃ ከታወቀው ይልቅ ይከብዳል። ቀጠሮው ለሐሙስ ከሆነ በየቀኑ ስልክ ማየት አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሰው ይንገሩ። ለሰፈሩ ሁሉ ማውራት አይጠበቅብዎትም፤ ምስጢር የሚጠብቅ፣ ሲፈሩ የሚሰማዎ፣ በውጤቱ ቀንም አብሮዎ የሚሄድ አንድ ሰው ይምረጡ። ባለቤትዎ፣ እህትዎ ወይም ጓደኛዎ ሊሆኑ ይችላሉ። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ጭንቀትም እንደዚያው ነው።

ሦስተኛ፣ ሥራዎን አይተዉ። አቅም እስካለዎት ድረስ የተለመደው ኑሮዎ ይቀጥል። ገበያው፣ ቢሮው፣ ዕቁቡና ዕድሩ ሐሳብን ያሳርፋሉ። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት በእግር መሄድ ሰውነትን አድክሞ እንቅልፍ ያመጣል። እንቅልፍ እምቢ ካለዎት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ያለውን ቡና ይቀንሱ፤ ማታ ተፈልቶ እስከ በረካ የሚዘልቅ ቡና ሌሊቱን ያረዝመዋል። ሐሳቡ ሲበረታ በአፍንጫ ቀስ ብለው አየር ያስገቡ፤ ካስገቡበት ረዘም ባለ ጊዜ ያስወጡ፤ ይህንኑ ለአምስት ደቂቃ ይደጋግሙ። ቀላል ቢመስልም የልብ ምትን ያረጋጋል።

አራተኛ፣ የሚሰሙትን ይምረጡ። በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚዘዋወሩ የካንሰር ታሪኮች የሌላ ሰው ታሪኮች ናቸው። የእርስዎ ውጤት በዚያ የለም። በተለይ ሌሊት ስልክ ይዞ መፈለግ ፍርሃት ከመጨመር በቀር የሚሰጠው ነገር የለም። ወደ አእምሮዎ የመጣውን ጥያቄ በደብተር ላይ ይጻፉና ለሐኪሙ ያቆዩት።

አምስተኛ፣ እምነትዎን ይያዙ፤ ቀጠሮዎንም ይያዙ። ጸሎት፣ ዱዓ፣ ጸበል ለብዙዎች ብርታት ነው። የሃይማኖት አባትዎ ሊያጽናኑዎትም ይችላሉ። ቁስሉ እስኪደርቅ ውሃ እንዳይነካው መጠንቀቅ ይበቃል። ሁለቱ የሚጋጩት «ሕክምናውን ትተሽ» የሚል ምክር ሲመጣ ብቻ ነው። እብጠቱን ማሸት፣ መተኮስ፣ መብጣትና ያልታወቀ መድኃኒት መቀባት ግን ቆዳውን አቁስሎ ቀጣዩን ሕክምና ያከብዳል።

ጭንቀቱ ከአቅም በላይ ሆኖ ለቀናት ምግብና እንቅልፍ ከከለከለዎ ወይም ሕይወትዎን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ውጤቱን አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሚያምኑት ሰው ተናግረው ወደ አቅራቢያዎ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ጊዜውን ለዝግጅት ይጠቀሙበት

የጥበቃው ቀናት ባዶ መሆን የለባቸውም። የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድህን አባል ከሆኑ መታወቂያዎ መታደሱን ያረጋግጡ፤ የሪፈራል ወረቀትዎን ያዘጋጁ። ብዙ ሴቶች ውጤት ከያዙ በኋላ ሳምንታት የሚያባክኑት በዚህ ነው። የአልትራሳውንድና የማሞግራፊ ፊልምና ወረቀቶችን በአንድ ፌስታል ያሰባስቡ። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች፣ በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የማህፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር የነበረበት ሰው ካለ፣ የመጨረሻው የወር አበባዎ የመጣበትን ቀን ይጻፉ።

ከክፍለ ሀገር ወደ አዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ ማረፊያ ከወዲሁ ያስቡ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቅም ለሌላቸውና ከሩቅ ለሚመጡ የካንሰር ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ስለዚህና ስለሌሎች ድጋፎች የሆስፒታሉን የማህበራዊ አገልግሎት ባለሙያ ይጠይቁ።

ውጤቱ ሲደርስ

ወረቀቱን ብቻዎን ከፍተው ለመተርጎም አይሞክሩ። ከባለሙያ ጋር ሆነው ያንብቡት። ውጤቱ በአብዛኛው ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ካንሰር ያልሆነ ነው። ይህ ታላቅ እፎይታ ቢሆንም «ውጤቱ በምስል ከታየው ጋር ይስማማል? መቼ ልመለስ?» ብለው ይጠይቁ። ምስሉ አጠራጣሪ ሆኖ ናሙናው ንጹሕ ከሆነ ሐኪሙ ድጋሚ ሊያዝ ይችላል።

ሁለተኛው ናሙናው በቂ አይደለም የሚል ነው። ይህ ካንሰር አለ ማለት አይደለም፤ የተወሰደው ሥጋ ለመወሰን አላስቻለም ማለት ነው። ሁለተኛ መርፌ ያስመርራል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ማቋረጥ እስካሁን የደከሙበትን ሁሉ ያስቀራል።

ሦስተኛው በመካከል ያለ፣ ሕዋሳቱ የተለወጡ ግን ካንሰር ያልሆኑበት ነው። ይህ እንደ ሁኔታው ተጨማሪ ናሙና፣ እብጠቱን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ወይም የቅርብ ክትትል ይፈልጋል።

አራተኛው ካንሰር ነው የሚለው ነው። ይህን ሲሰሙ ከዚያ በኋላ የሚነገረው ሁሉ ላይሰማዎ ይችላል፤ አብሮዎ የሄደው ሰው የሚጽፈው ለዚህ ነው። በወረቀቱ ላይ «ግሬድ» የሚል ቃል ካለ ከበሽታው ደረጃ ጋር አያምታቱት። ግሬድ ሕዋሳቱ በማይክሮስኮፕ ሲታዩ ከጤነኛው ምን ያህል እንደተለወጡ የሚናገር ሲሆን ከ1 እስከ 3 ይቆጠራል። ደረጃ ግን በሽታው በሰውነት ውስጥ ምን ያህል እንደተጓዘ የሚያሳይ ሲሆን የሚታወቀው በሌሎች ምርመራዎች ነው። «ግሬድ 3 ነው» የተባለች ሴት በሽታዋ ገና በጡት ውስጥ ብቻ ሊሆን ይችላል። በተጨማሪም ዕጢው የሆርሞን ተቀባይ እንዳለው የሚያሳየው ምርመራ መታዘዙን ይጠይቁ። እንደ ታሞክሲፈን ያሉ በአፍ የሚወሰዱ መድኃኒቶች የሚሰጡት በዚህ ላይ ተመሥርቶ ነው። ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከዚያው ናሙና ስለሚሠራ ስላይዱና በሰም የተቀመጠው ቁራጭ በጥንቃቄ እንዲጠበቅ ያሳስቡ።

የጡት ካንሰር በጊዜ ሲደረስበት ሊድን የሚችል በሽታ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒ፣ የጨረርና የሆርሞን ሕክምና በአገራችን ይሰጣሉ። ውጤቱን የያዘች ሴት ባዶ እጇን አይደለችም፤ ከየት እንደምትጀምር የምታውቅ ሴት ናት።

ለቤተሰብ፣ ለባሎችና ለጤና ተቋማት

በባህላችን ክፉ ዜናን ከታማሚ መደበቅ እንደ ርኅራኄ ይቆጠራል። «ለእሷ አትንገሯት፣ ለእኛ ንገሩን» ብለው ሐኪሙን የሚለምኑ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። ሐሳባቸው ፍቅር ቢሆንም ጉዳቱ ከባድ ነው። በሽታዋን ያልተነገራት ሴት ለምን ጡቷ እንደሚቆረጥ፣ ለምን መድኃኒቱን ሳታቋርጥ እንደምትወስድ አታውቅም፤ ትንሽ ሲሻላትም ታቆማለች። አካሉ የእሷ ነው፤ ውጤቱም የእሷ ነው። ቀስ ብሎ፣ አብሯት ተቀምጦ፣ እንደምትችለው መጠን መንገር እንጂ መሸሸግ አይበጅም።

ባሎችም «አይዞሽ፣ ምንም የለም» ብለው ነገሩን ከመዝጋት «ቀጠሮሽ መቼ ነው? አብሬሽ ልሂድ» ቢሉ ይበልጥ ያጽናናሉ። የጡት ካንሰር በጥቂቱም ቢሆን ወንዶችን ስለሚይዝ ጡታቸው ላይ እብጠት ያዩ ወንዶችም ይህን መንገድ ማለፍ አለባቸው።

የጤና ተቋማት ድርሻም ቀላል አይደለም። ናሙና ሲወሰድ የውጤቱን ቀን መናገር፣ ትክክለኛ ስልክ መመዝገብ፣ ሲዘገይ ማሳወቅ፣ ውጤቷን ሳትወስድ የቀረችን ሴት ደውሎ መፈለግ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በመደርደሪያ ላይ ባለቤቷን እየጠበቀች የምታድር የውጤት ወረቀት የአንዲት እናት ሕይወት ልትሆን ትችላለች።

ውድ አንባቢያችን፣ ዛሬ ማታ እንቅልፍ ባይመጣልዎ አይግረምዎ። ሲነጋ ግን ደረሰኙን ከያዙበት ያውጡና ቀኑን ይመልከቱ፤ አብሮዎ ለሚሄደው ሰው ይደውሉና ይንገሩ። ቀጠሮው ሲደርስ ይሂዱ። ካልደረሰ ይጠይቁ፤ ዛሬ ካልተገኘም ነገ ተመልሰው ይጠይቁ። ጤና ይስጥልን!